የኢትዮጵያ አጠቃላይ ትምህርት፦ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱና ስለ ተማሪዎች ምዘና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ ወላጆች፣ ተማሪዎችና አዲስ መምህራን ስለ አጠቃላይ ትምህርት ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያዘጋጀው ማን ነው?

ሥራው በፌዴራል መንግሥትና በክልሎች መካከል የተከፈለ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ለመላው አገሪቱ የሚያገለግለውን የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ፣ ማለትም በየክፍሉ የሚሰጡትን የትምህርት ዓይነቶች፣ ተማሪው በእያንዳንዱ ደረጃ ሊኖረው የሚገባውን ዝቅተኛ የመማር ብቃትና የሳምንት ክፍለ ጊዜ ድልድሉን ያወጣል። የሁለተኛ ደረጃ መርሐ ትምህርትና መማሪያ መጻሕፍትም ከማዕከል ይዘጋጃሉ። የክልልና የከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች ደግሞ ማዕቀፉን ተከትለው ከሁለተኛ ደረጃ በታች ላሉት ክፍሎች መጻሕፍቱን በየቋንቋቸው ያዘጋጃሉ፣ ያሳትማሉም።

በዚህ ክፍፍል ምክንያት ሁለት የአራተኛ ክፍል ልጆች፣ አንዱ በጅማ ሌላው በደሴ፣ የሚማሩበት መጽሐፍ የተለያየ ቢሆንም ሊደርሱበት የሚገባው የብቃት ደረጃ ግን አንድ መሆን አለበት። በመርህ ደረጃ ትክክለኛ አሠራር ነው። በተግባር ግን በሁለቱ መጻሕፍት የጥራት ደረጃ፣ በኅትመታቸውና ወደ ተማሪው እጅ በሚደርሱበት ጊዜ መካከል ሰፊ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ተማሪው በፌዴራል ደረጃ ከሌሎች ጋር የሚመዘንበት ፈተና የሚመጣው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ በመሆኑም ልዩነቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል።

አሁን ያለው የክፍል ደረጃ አደረጃጀት ምን ይመስላል?

ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ፣ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃና አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነው። በአጭሩ 2-6-2-4 ይባላል። ልጆች 1ኛ ክፍል የሚገቡት በ7 ዓመታቸው ነው።

ከዚህ በፊት የነበረው አደረጃጀት የሽግግር መንግሥቱ በ1986 ዓ.ም ባወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ላይ የተመሠረተ ነበር። በዚያ አደረጃጀት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ 9ኛና 10ኛ ክፍል አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ደግሞ መሰናዶ፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ መዘጋጃ፣ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም የተዘጋጀው የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ ይህ አደረጃጀት እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረበ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከሙከራ ትግበራ በኋላ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ሰፊ ትግበራ ሲገባ፣ በዚያው ዓመት የካቲት ወር የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲሱን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጸደቀ። በአዲሱ ፖሊሲ መሠረት ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል ግዴታ ሲሆን እስከ 12ኛ ክፍል ደግሞ በነጻ የሚሰጥ ነው።

ሥርዓተ ትምህርቱ ሲለወጥ በይዘት በኩል ምን ተጨመረ?

በታችኞቹ ክፍሎች ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የእይታና የክዋኔ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይማራሉ። በመካከለኛ ደረጃ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ መሰጠታቸው ቀርቶ በአጠቃላይ ሳይንስ ሥር ተጠቃለዋል። የዜግነት ትምህርት፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና ከሥራ ጋር የተያያዙ ትምህርቶችም ተካተዋል። አገር በቀል ዕውቀት በየትምህርት ዓይነቱ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝም ማዕቀፉ ይጠይቃል። በ11ኛና በ12ኛ ክፍል እንደ ግብርና ያሉ የሙያ መስኮች ታስበዋል፤ እነዚህ ግን መምህር፣ ቤተ ሙከራና መሣሪያ ስለሚፈልጉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ገና አቅሙ የላቸውም።

ዝርዝሩ ሲነበብ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ኮምፒውተር በሌለበት ትምህርት ቤት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጠው በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ተማሪው የመዳፊቱን ሥዕል ከሰሌዳ ይገለብጣል፣ ክፍሎቹን በቃሉ ያጠናል፣ በጽሑፍም ይፈተናል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ውጤት የማስታወስ ችሎታን ይመዝናል እንጂ ማዕቀፉ የጠየቀውን ክህሎት አይመዝንም። የአንድ ትምህርት መሰጠትና የታሰበው ብቃት መገኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በየጊዜው ማስታወስ ያስፈልጋል።

ተማሪዎች የሚማሩት በምን ቋንቋ ነው?

በአንደኛ ደረጃ የመማሪያ ቋንቋው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ ይህም ከ1986ቱ ፖሊሲ ጀምሮ የጸና መርህ ነው። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። አዲሱ ፖሊሲ በዚህ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ተጨማሪ አንድ የኢትዮጵያ ቋንቋ እንዲማር ያደርጋል። ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ሽግግር ግን በሁሉም ቦታ በአንድ ክፍል ላይ አይደለም። ኦሮሚያና ትግራይን በመሰሉ ክልሎች እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይቀጥላል፤ አዲስ አበባን በመሰሉ አካባቢዎች ደግሞ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የመማሪያ ቋንቋው በመላው አገሪቱ እንግሊዝኛ ነው።

ብዙ ወላጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ልጃቸውን ወደ ኋላ የሚያስቀረው ይመስላቸዋል። ሥጋታቸውን እረዳለሁ፤ ልጁ ነገ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነውና። ነገር ግን በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ ያልለመደ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ማንበብ ይበልጥ ይከብደዋል። ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው በመሸጋገሪያው ላይ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ሲማር የቆየ የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ በመስከረም የባዮሎጂ መጽሐፉን ሲገልጥ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ብዙ መምህራን በዚህ ጊዜ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጽፈው ማብራሪያውን በአካባቢው ቋንቋ ይሰጣሉ። ይህን እንደ ጥፋት መቁጠር አይገባም፤ ተማሪው ትምህርቱን እንዲከታተል የሚረዳው እሱ ነው። ፈተናው ግን ማብራሪያ የለውም።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የት ደረሰ?

ቀርቷል። ፈተናው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም ነው። ቀደም ሲል በዚህ ፈተና ውጤት መሠረት አንዳንዱ ተማሪ ወደ መሰናዶ፣ ሌላው ደግሞ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። አሁን ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ወጥ ስለሆነ በመሀል የሚለይ ብሔራዊ ፈተና የለም።

በ6ኛና በ8ኛ ክፍል የሚሰጡት ፈተናዎች ምን ዓይነት ናቸው?

ሁለቱም በክልል ወይም በከተማ አስተዳደር ደረጃ የሚዘጋጁ ናቸው። ሰው እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» እያለ ይጠራቸዋል፤ ከ1986ቱ ፖሊሲ በፊት የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና በሚኒስቴሩ ሥር ይሰጥ ስለነበር ስያሜው ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። የ6ኛ ክፍል ፈተና የተመለሰው አንደኛ ደረጃ በ6ኛ ክፍል እንዲያበቃ ከተደረገ በኋላ ነው። ፈተናውን የሚያወጣው፣ የሚያርመውና የማለፊያ ነጥቡን የሚወስነው ትምህርት ቢሮው ስለሆነ የአንዱን ክልል የማለፍ መጠን ከሌላው ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። በዜና የሚነገሩ የክልሎች ንጽጽሮች በዚህ ምክንያት በጥንቃቄ መታየት አለባቸው።

ተከታታይ ምዘና ምንድን ነው? ልጄ ክፍል ውስጥ 85 አግኝቶ በብሔራዊ ፈተና እንዴት ይወድቃል?

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። ተከታታይ ምዘና መምህሩ በትምህርት ዘመኑ ሁሉ ተማሪው ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው እየለየ፣ ትምህርቱን በዚያው መሠረት የሚያስተካክልበት አሠራር ነው። የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ የቃል ጥያቄ፣ አጭር ፈተና፣ የቡድን ሥራና የተግባር ሥራ ሁሉ በውስጡ ይገባሉ። ዓላማው ተማሪው ገና ሳይወድቅ የጎደለውን አውቆ እንዲሞላ ማድረግ ነው።

በተግባር ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች ተከታታይ ምዘና ማለት ነጥብ መሰብሰብ ማለት ሆኖ ቀርቷል። የአንድ መምህርን ማርክ ሊስት ብንመለከት በስም ዝርዝሩ አንጻር ጠባብ ጠባብ ዓምዶች ተሰምረዋል፦ ለደብተር 5፣ ለአሳይመንት 10፣ ለቡድን ሥራ 10፣ ለአጭር ፈተና 10፣ ለተሳትፎ 5፣ ለመንፈቅ ማጠቃለያ ቀሪው። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ወይም 70 ተማሪ ሲኖር፣ መምህሩም እንዲህ ያሉ አምስት ክፍሎችን ሲያስተምር፣ የእያንዳንዱን ተማሪ ሥራ አንብቦ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ አይኖረውም። ለደብተር የሚሰጠው 5 ነጥብ ደብተሩን ላመጣ ሁሉ ይሰጣል። የቡድን ሥራው በአንድ ጎበዝ ተማሪ ተሠርቶ ውጤቱ ለአምስቱም ይመዘገባል። ርእሰ መምህሩ የማለፍ መጠኑ እንዲያድግ ይፈልጋል፤ ወረዳውም ሪፖርቱን ይጠብቃል። ነጥቦቹ ሲደመሩ ተማሪው 85 ያገኛል፤ ሮስተሩ ላይም፣ ሪፖርት ካርዱ ላይም 85 ተብሎ ይጻፋል።

ከዚህ 85 ውስጥ ተማሪው ብቻውን፣ ያለማንም እርዳታ፣ ባላየው ጥያቄ ላይ ያሳየው ችሎታ ስንት እንደሆነ ካርዱ አይናገርም። ብሔራዊው ፈተና የሚለካው ግን እሱን ብቻ ነው። መምህሩን መውቀስ አይገባም፤ በዚያ የተማሪ ብዛት ማንም ቢሆን የተሻለ ለማድረግ ይቸገራል። ነገር ግን እውነተኛ ያልሆነ ነጥብ ወላጅንም ተማሪንም ለዓመታት ያዘናጋል፤ ያ ደግሞ ከዝቅተኛ ነጥብ የከፋ ጉዳት ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና አሁን እንዴት ነው የሚሰጠው?

ፈተናውን የሚያዘጋጀውና የሚያርመው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ ቀደም ሲል ኤጀንሲ ይባል ነበር። ተፈታኞቹ በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ ይከፈላሉ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የአፕቲትዩድ (አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ) ፈተና በሁለቱም አሉ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በተጨማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይፈተናሉ።

እስከ 2013 ዓ.ም ተፈታኞች ድረስ ፈተናው በየትምህርት ቤቱና በአካባቢው በተመረጡ ጣቢያዎች ይሰጥ ነበር። በዚያ አሠራር ስርቆትና ኩረጃ ሥር ሰድዶ ነበር። በ2008 ዓ.ም የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሠራጨቱ ፈተናው ተሰርዞ ወደ ክረምቱ መዛወሩን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ፣ ማለትም ከመስከረም መጨረሻና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም ወዲህ፣ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩና እየበሉ ይፈተናሉ። በቅርብ ዓመታት ፈተናው የሚሰጠው በሐምሌ ሲሆን ውጤቱ በጳጉሜንና በመስከረም አካባቢ ይነገራል።

ተማሪው ብርድ ልብሱንና ልብሱን በቦርሳ ይዞ በአውቶቡስ ግቢው በር ላይ ይደርሳል። ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ፍተሻ አለ። አድሚሽን ካርዱን አሳይቶ የመኝታ ክፍሉን ይረከባል፤ በማግስቱ ኦረንቴሽን ይሰጠዋል። የሚፈትኑት መምህራን የራሱ ትምህርት ቤት መምህራን አይደሉም። በወረቀት ለሚፈተኑት የጥያቄው ቡክሌትና የመልስ መስጫው ወረቀት ለየብቻ ይሰጣሉ፤ ተማሪው የመረጠውን ፊደል በእርሳስ ያጠቁራል፣ ወረቀቱም በማሽን ይታረማል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መፈተን ጀምረዋል።

ጥያቄዎቹ ሁሉ ምርጫ መሆናቸው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማሽን በፍጥነትና ያለ አድልዎ ስለሚያርማቸው ለብዙ መቶ ሺህ ተፈታኝ ሌላ አማራጭ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ በብሔራዊ ደረጃ የሚታረም አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይጽፍ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል። የማይፈተን ነገር ደግሞ ክፍል ውስጥም ቸል ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ድርሰትና ሪፖርት ሲጠየቅ የሚደናገጠውም ለዚህ ነው። ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ቢያንስ በክልል ፈተናዎች አጭር የጽሑፍ መልስ ቢካተት ብዙ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ለምን እንዲህ አነሰ? ፈተናው ከብዶ ነው?

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንመልከት። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 ከመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚህ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በማለፊያ ነጥብ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲዎቹ በሚቀበሉት ብዛት መሠረት እየተቆረጠ ስለነበር ከ50 በታች ያመጡ ብዙዎችም ይመደቡ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተለወጡ፦ ኩረጃው ተዘጋ፣ መግቢያውም 50 ከመቶ ሆነ።

ፈተናው በድንገት ከብዶ ነው የሚለው ማብራሪያ አያሳምነኝም። በ2015 ዓ.ም የተፈታኞቹ አማካይ ውጤት ከ30 ከመቶ በታች ነበር። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ምንም ሳያነብ በግምት የሚያጠቁር ሰው በአማካይ 25 ከመቶ ያገኛል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ተማሪ ጥያቄውን መሥራት አልቻለም።

ምክንያቱን ለማግኘት ከ12ኛ ክፍል ወደ 2ኛ ክፍል መውረድ ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም በስድስት ቋንቋዎች፣ ማለትም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪ፣ ከ13,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። መዛኙ ከልጁ ጋር ለብቻው ይቀመጣል፣ ፊደላትና ቃላት የተጻፉበትን ገጽ ይሰጠዋል፣ ቀጥሎም አንዲት አጭር ታሪክ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ይጠይቀዋል፤ ሰዓት ተይዞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ። በመጨረሻም ከታሪኩ ጥያቄ ይቀርብለታል። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 ከመቶ የሚሆኑት ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያውም በእንግሊዝኛ ሳይሆን በራሳቸው መማሪያ ቋንቋ ነው።

በዚያ ዓመት 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ክፍል ሳይደግም ቢቀጥል 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ2012 ዓ.ም ነው። የደገመ ወይም ያቋረጠ ደግሞ እነዚያ 3 ከመቶ የተባሉት ውጤቶች የወጡበት ጊዜ ላይ ይደርሳል። በታችኞቹ ክፍሎች ማንበብ ሳይችል የተዛወረ ልጅ 5ኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፉን አይረዳም፤ 9ኛ ክፍል ሁሉም ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ደግሞ መከተል ያቅተዋል። ጉድለቱ እየተደራረበ መጥቶ 12ኛ ክፍል ላይ ይፋ ይሆናል። ከታች የመጣውን ጉድለት በ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ትምህርት መሙላት ለጥቂቶች ይሠራ ይሆናል፤ ለብዙዎቹ ግን ዘግይቷል። ፈተናው በአግባቡ እንዲሰጥ መደረጉን እደግፋለሁ፤ የሚያሳስበኝ ከፈተናው ወዲህ ያለው ትኩረት ሁሉ 12ኛ ክፍል ላይ ማረፉ ነው።

ለተማሪው ውጤት የማይሰጥ ምዘናም አለ ይባላል። እሱ ምን ይጠቅማል?

አዎ፤ ብሔራዊ የትምህርት ቅበላ ምዘና ይባላል። ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ በተወሰኑ ዓመታት ልዩነት በናሙና በተመረጡ ትምህርት ቤቶች በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ይሰጥ ጀመር፤ በኋላም በሁለተኛ ደረጃ ተጀመረ። ማንም በዚህ ምዘና አያልፍም፣ አይወድቅምም። የሚመዘነው የትምህርት ሥርዓቱ ነው፤ ከፈተናው ጎን ተማሪው፣ መምህሩና ርእሰ መምህሩ ስለ ቤት፣ ስለ መጽሐፍና ስለ ትምህርት ቤቱ ሁኔታ መጠይቅ ይሞላሉ።

ማስጠንቀቂያው ከጥንት ጀምሮ በዚህ ምዘና ውስጥ ነበረ። የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም 48 ከመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም ወደ 41 ከመቶ አካባቢ ወረደ። በእነዚያ ዓመታት ሚሊዮኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ይህ ታላቅ ስኬት ነው፣ ሊረሳም አይገባም። ነገር ግን የመምህራን ሥልጠና፣ የመጻሕፍትና የመማሪያ ክፍሎች አቅርቦት ከተማሪው ብዛት ጋር እኩል አላደገም።

ሬሜዲያል ምንድን ነው? ማን ይገባል?

በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶ ያላመጡ፣ ነገር ግን በየዓመቱ ለዚህ የሚወጣውን መቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ለወራት የሚከታተሉት የማካካሻ ትምህርት ነው። በ2015 ዓ.ም የተጀመረ ሲሆን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና በግል ተቋማት ይሰጣል። ከውጤቱ 30 ከመቶው በተቋሙ የሚያዝ ሲሆን 70 ከመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይለካል፤ ያለፈ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሆናል። ለሬሜዲያልም ያልደረሰ ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና መሄድ ወይም እንደገና በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ መፈተን ይችላል።

በጦርነትና በግጭት ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎችስ?

በትግራይ በኮሮና ወረርሽኝና በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ለዓመታት ተቋርጦ ነበር። የክልሉ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ፈተና መውሰድ የቻሉት በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ሲሆን ብዙዎቹ በዕድሜ ከሌላው አካባቢ ተፈታኞች በዓመታት ይበልጡ ነበር። በአማራ ክልልም በግጭቱ ምክንያት እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ወድመዋልም።

የአገር አቀፍ የማለፍ መጠን ሲነገር እነዚህ ልጆች በቁጥሩ ውስጥ የሉም፤ መጠኑ የሚሰላው ለፈተና ከቀረቡት ነውና። የማለፍ መጠኑ ጨመረ ሲባል የተፈታኙ ቁጥር ምን ያህል እንደነበረም አብሮ መጠየቅ ይገባል። ለተመለሱት ልጆች ደግሞ ከዕድሜያቸው ጋር የሚመጣጠን የተፋጠነ ትምህርት ካልተዘጋጀላቸው፣ በ14 ዓመታቸው 3ኛ ክፍል ከትንንሾች ጋር ተቀምጠው ብዙ አይቆዩም።

ከውጭ አገር የሚመለስ ልጅ የትኛው ክፍል ይገባል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የተማረ ልጅ ይዘው የሚመለሱ ወላጆች በቅድሚያ የትምህርት ማስረጃውን ከተማረበት አገር አረጋግጠው ማምጣትና የአቻነት ግምት ማሠራት አለባቸው። ከወረቀቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ቋንቋው ነው። በዐረብኛ የተማረ የ5ኛ ክፍል ልጅ ሒሳቡን እያወቀ የአማርኛውን ፊደል ስለማያውቅ ብቻ ወደ 2ኛ ክፍል እንዲወርድ የሚደረግበት ጊዜ አለ። ይህ ልጁን ያሸማቅቀዋል። ከመመለሱ ከጥቂት ወራት በፊት ፊደሉን ማስጠናት መጀመር፣ በትምህርት ቤቱም በኩል በየትምህርት ዓይነቱ ለይቶ መመዘን የተሻለ መንገድ ነው።

ወላጅ ስለ ልጁ እውነተኛ ደረጃ በምን ማወቅ ይችላል?

ሪፖርት ካርዱን ብቻ አይመልከቱ፤ ደብተሩንና የታረሙትን የፈተና ወረቀቶች ይጠይቁ። መምህሩን ሲያገኙ «ስንት አመጣ?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ምዕራፍ አልገባውም?» ብለው ቢጠይቁ የሚጠቅም መልስ ያገኛሉ። ከታች ክፍሎች ያለ ልጅ ካለዎት ከዚህ በፊት ያላየውን አንድ ገጽ አውጥተው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልዎ፣ ቀጥሎም ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲነግርዎ ያድርጉ። የራሱን መማሪያ መጽሐፍ ገጽ አይምረጡ፤ ብዙ ልጆች እሱን በቃላቸው ይዘውታልና። ፊደል ማንበብ የማይችል ወላጅም ቢሆን ልጁ እየተንተባተበ ወይም እየፈጠረ መሆኑን በጆሮው ይለያል፤ ጥርጣሬ ካደረበትም ከጎረቤት የሚያነብ ሰው ጠርቶ አብሮ ማዳመጥ ይችላል። ልጁ 3ኛ ክፍል ደርሶ አጭር ታሪክ ማንበብ የሚያቅተው ከሆነ፣ በካርዱ ላይ 90 ቢጻፍም እንኳ፣ በዚያው ሳምንት የክፍሉን መምህር ማነጋገር ያስፈልጋል።